ስፖርት መኪናን ከአዲስ አበባ ገዝቶ እስከ ዲክሲስ መንዳት

በዲክሲስም ሆነ በሌሎች የአርሲ ደጋ ከተሞች የሚኖር ሰው ስፖርት መኪና ለመግዛት ሲነሣ ገበያውን የሚያገኘው በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ በመሆኑ፣ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይጠብቁታል፤ አንደኛው መኪናውን መርጦና መርምሮ በሕግ አግባብ የራሱ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጠባዩን ገና ያልለመደውን መኪና ከክፍያ መንገድ አስፋልት አንሥቶ፣ የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦና ዳገቱን ወጥቶ እስከ ቤቱ ደጃፍ ማድረስ ነው። ስፖርት መኪና የሚባለው ለፍጥነትና ለመሪ ታዛዥነት ሲባል ወደ መሬት ቀረብ ተደርጎ የተሠራ፣ ጠጠር ያሉ ሞላዎችና ጎናቸው አጭር የሆነ ጎማዎች የተገጠሙለት፣ ከክብደቱ አንጻር ጉልበታም ሞተር ያለው መኪና ነው፤ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ቶዮታ ሴሊካና ፎርድ ማስታንግ ከታወቁት መካከል ይጠቀሳሉ። እነዚሁ ባሕርያት በለስላሳ አስፋልት ላይ የሚፈለጉትን ያህል በሸካራ መንገድ ላይ ጠንቅ ስለሚሆኑ፣ ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች ሁሉ የሚነሡት መኪናው መመረጥ ያለበት ለጉዞው የመጀመሪያ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ለመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ነው ከሚል ሐሳብ ነው። አንባቢው ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ቢከተል ይመረጣል፤ የአንዱ ውጤት ለሚቀጥለው መነሻ ነውና።

1. የቤትን መንገድ መለካት

ብዙ ገዢዎች ሥራውን የሚጀምሩት መኪና በማየት ነው፤ ይህ ግን ቅደም ተከተሉን የሚያዛባና በኋላ የማይታረም ስሕተት ነው። ገዢው አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት ከኢተያ በሁሩታ በኩል ዲክሲስ የሚያደርሰውን መንገድ በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሮ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳይነቅል፣ አስቸጋሪ ቦታዎችን በማስታወሻ ይያዝ። ከከተማው ዋና መንገድ እስከ ግቢው በር ያለውን ደግሞ በእግሩ ይሂድበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ አንድ ቀጥ ያለ ረዥም እንጨትና ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው።

ልኬቱ የሚነጻጸረው ከመኪናው ዝቅተኛ አካል እስከ መሬት ካለው ክፍተት፣ ማለትም መኪናው ሆዱ ሳይነካ ሊያልፍበት ከሚችለው ከፍታ ጋር ነው። ይህ ክፍተት በስፖርት መኪናዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአርሲ መንገዶች ላይ የተለመዱት ፒካፖች ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ አላቸው፤ በመሆኑም ፒካፕ ነጂ ጎረቤት «መንገዱ ደኅና ነው» ማለቱ ለስፖርት መኪና ገዢ ምስክር አይሆነውም። እንጨቱን በመንገድ ላይ በተሠሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች፣ ተሽከርካሪ በቦረቦራቸው የጎማ መስመሮችና በግቢ በር ፊት ባሉ የጎርፍ ቦዮች ላይ አጋድሞ የከፍታውን ልዩነት መለካት ይቻላል። ጉብታው ዝቅ ያለ ቢሆንም እንኳ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ የሚራራቁ መኪና መሐል ሆዱ ሊያርፍበት ስለሚችል፣ የጉብታው ስፋት ከከፍታው ጋር አብሮ ይመዝገብ። መንገዱ በበጋ ተለክቶ ከሆነ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ የሚሆነውን መገመት ግድ ነው፤ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠግብ የጎማ መስመሩ ይጠልቃል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ጀርባም መኪናውን ከሥር ያነሣዋል።

ከልኬቱ በኋላ የግቢው መግቢያ ብቻ ችግር ሆኖ ከተገኘ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መደልደል መኪናውን ከመለወጥ በእጅጉ ይረክሳል። ሞላ ቀይሮ መኪናውን ከፍ ማድረግ የሚለው መፍትሔ ግን ሊወደድ አይገባውም፤ የመኪናውን ሚዛንና የመሪውን ባሕርይ ስለሚያዛባ፣ ስፖርት መኪና የተገዛበትን ምክንያት ራሱን ያጠፋዋል።

2. የሞተሩን ዓይነት ከደጋው አየር ጋር ማስማማት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል፣ አሰላ ደግሞ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በእነዚህ ቦታዎች አየሩ ስስ ነው። አየርን በራሱ ሳንባ ብቻ የሚስብ ሞተር በዚህ ከፍታ በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሰውን ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር፣ ማለትም በጭስ ግፊት በሚሽከረከር መንኮራኩር አየሩን አምቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባው፣ የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር የሽያጭ መግለጫ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት አርሲ ላይ የሚገኝ ተብሎ ሊወሰድ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤንዚን ነው። ኦክቴን የሚባለው ነዳጁ በሲሊንደር ውስጥ ያለ ጊዜው እንዳይነድ ያለውን የመቋቋም አቅም የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን፣ በአገር ውስጥ ማደያዎች አሽከርካሪው ኦክቴን እያማረጠ የሚቀዳበት አሠራር የተለመደ አይደለም። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 98 ኦክቴንን ግዴታ የሚያደርግ ከሆነ፣ በተለይም ሞተሩ ቱርቦ ያለው ከሆነ፣ ገዢው ሌላ መኪና ቢመርጥ የተሻለ ነው፤ አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ግን በስስ አየር ውስጥ ሲሠራ የመታመቅ ግፊቱ ስለሚቀንስ ለዝቅተኛ ኦክቴን የተሻለ ትዕግሥት አለው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ለሽያጭ የሚቀርቡት ቤንዚን ጠጪ ስፖርት መኪናዎች ቀድመው የገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ሆነዋል፤ ይህም መለዋወጫቸውን ማግኘትን እያደር የሚከብድ ያደርገዋል። ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፊት መስታወትና የጎማ ዋጋ አጠያይቆ፣ ቢያንስ እነዚህ በገበያ ላይ መገኘታቸውን ያረጋግጥ። ኤሌክትሪክ መኪና የመረጠ ሰው ደግሞ የዳገቱን ፍጆታ አስቀድሞ ያስላ፤ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከፍታውን በ900 ሜትር ለመጨመር፣ ሜዳ ላይ ከሚያወጣው ሌላ አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ይህ ጉዞውን የሚያሰናክል መጠን ባይሆንም፣ በቤቱ በቂ የኤሌክትሪክ መስመር የሌለው ሰው ሲደርስ ባትሪውን በምን እንደሚሞላ ሳያውቅ መነሣት የለበትም።

3. ሰነዶችን ከመኪናው በፊት መመርመር

በዚህ ደረጃ መቸኮል ከማናቸውም የሜካኒክ ጉድለት የከፋ ኪሳራ ያመጣል፤ የተበላሸ ሞተር ይጠገናል፣ የሌላ ሰው መብት ያለበት መኪና ግን ከእጅ ይወጣል። ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሊብሬውን፣ ማለትም የተሽከርካሪውን የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር፣ ዋናውን እንጂ ፎቶ ኮፒውን አይደለም። በሊብሬው ላይ የሰፈረውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር በመኪናው አካል ላይ ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክር። የሻንሲ ቁጥር በዘመናዊ መኪናዎች 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም በአካባቢው ቀለም አዲስ የተቀባ ከሆነ ድርድሩ እዚያው ላይ ይቁም። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነም ለውጡ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በመዝጋቢው አካል ዘንድ መስፈሩን ማየት ያስፈልጋል።

በስፖርት መኪናዎች ላይ ከሌሎች ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው የቀረጥ ጉዳይ ነው። ከውጭ ሲመለሱ ዕቃቸውን ይዘው በገቡ ወይም ልዩ መብት ባላቸው ሰዎች ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና፣ ቀረጡ ሳይከፈል ወይም በሕግ የተቀመጠው ሁኔታ ሳይሟላ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ስለማይችል፣ ገዢው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አይቶ የቀረጡ ሁኔታ ምን እንደሆነ ይረዳ። «ቀረጡን በኋላ እንጨርሳለን» የሚል የሻጭ ቃል ተቀባይነት ሊሰጠው አይገባም። በመቀጠል መኪናው በፍርድ ቤት ያልታገደ፣ ለባንክ ብድር በዋስትና ያልተያዘ መሆኑን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በሚገኝ ማረጋገጫ ማጣራት ይገባል።

የሻጩ ማንነትም የዚሁ ምርመራ አካል ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ስለሆነ፣ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ወይም ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃል። በውክልና የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥም፣ ውክልናው «ለማስተዳደር» ብቻ የተሰጠ ሳይሆን መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑ፣ ከዚያም ያልተሻረ መሆኑ ሰነዱን ካረጋገጠው ጽሕፈት ቤት ይጣራ። ደላላ በመካከል ካለ ደግሞ ኮሚሽኑን ማን ምን ያህል እንደሚከፍል መኪናው ከመታየቱ በፊት ይወሰን፤ ደላላ ገዢንና ሻጭን ማገናኘት እንጂ ሰነድን መመስከር ሥራው አይደለም።

4. መኪናውን ቀዝቃዛ ሳለ ማየት

ምርመራው የሚደረገው በጠዋት፣ ሞተሩ ከሌሊት ጀምሮ ሳይነሣ በቆየበት ሰዓት ነው፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር የአነሣሥ ችግርን፣ የቅባት ጭስንና የሚንኳኳ ድምፅን ይደብቃልና። ሻጩ መኪናውን አሙቆ ካቆየው ገዢው በሌላ ቀን ቢመለስ ይመረጣል። ከሻጩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መካኒክ ይዞ መሄድ፣ መኪናውንም በጋራዥ ክሪክ ወይም ጉድጓድ ላይ አውጥቶ ከሥር ማየት የግድ ነው። በስፖርት መኪና ላይ ከሥር የሚታየው ከላይ ከሚታየው ይበልጣል፤ የዘይት መያዣው ሥር የተፋቀ ወይም የተበየደ ቦታ፣ የተጎበጠ ማርሚታና የተሰበረ የፕላስቲክ መከላከያ መኪናው ከዚህ በፊት ከአቅሙ በላይ በሆነ መንገድ መነዳቱን ይናገራሉ።

ከዚህ ሌላ የሚጠቅመው መሣሪያ ስካነር ነው፤ ይህም ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ የተመዘገቡ ብልሽቶችን የሚያነብብ መሣሪያ ነው። ብልሽቶቹ ከምርመራው ጥቂት ቀደም ብለው ተሰርዘው ከሆነ አብዛኞቹ ስካነሮች ያሳያሉ፤ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ጎማ ላይ የታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው ካለፈ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ ጉዞ አይታመንም።

በሙከራ መንዳት ጊዜ ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ የማይንሸራተት መሆኑ፣ ማርሾቹ ያለ ጩኸት መግባታቸው፣ ፍሬኑ ሲያዝ መሪው ወደ ጎን የማይጎትት መሆኑ ይታይ። የሞተር ሙቀት የሚገዛበት መስመር ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ የሥርዓቱን ግፊት ጠብቆ የመፍላት ነጥቡን ከፍ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳን ጎማው የደከመ ከሆነ፣ በቆላ ምንም ያልነበረበት ሞተር ደጋ ላይ ሊፈላ ይችላል። ክዳኑ በጥቂት ገንዘብ የሚቀየር ዕቃ ሲሆን፣ ብዙዎች ግን አይተውትም አያውቁም።

5. ውል፣ ክፍያና ርክክብ

የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱም ወገኖች በተገኙበት ይፈረም። የአሠራሩ መሠረት አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። በመንደር ውል ገንዘብ ሰጥቶ «ስሙን በኋላ አዛውራለሁ» ማለት በሰፊው የሚፈጸም ስሕተት ነው፤ ስሙ እስኪዛወር ድረስ ሻጩ ቢሞት፣ ቢከሰስ ወይም አገር ጥሎ ቢሄድ ገዢው በእጁ ባለ መኪና ላይ ለዓመታት ይሟገታል። ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ፣ በሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው ብቻ ይፈጸም። ውሉ እውነተኛውን ዋጋ ይያዝ፤ የቴምብር ቀረጥ ለመቀነስ ተብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ የጻፈ ሰው ሽያጩ ቢፈርስ የሚመለስለት የተጻፈው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከመነሣቱ በፊት ቦሎው፣ ማለትም ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማረጋገጫው፣ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም በሥራ ላይ መሆኑን ገዢው ያረጋግጥ። በሻጩ ስም የነበረ ሙሉ የመድን ሽፋን አዲሱን ባለቤት ይከተላል ብሎ መገመት አይገባም፤ መድን ሰጪው ጋር ሄዶ በራስ ስም ማዋዋል ያስፈልጋል።

6. ለጉዞው መሰናዳት

ስፖርት መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ የሚሰጡት የጎማ መሙያና የመድፈኛ ፈሳሽ ትንሽ ቀዳዳን እንጂ በጉድጓድ የተቀደደ የጎማ ጎንን አይደፍንም። ስለዚህ ልኩ የሚስማማ ጎማ ከነቸርኬው በጀርባ ወንበር ወይም በሻንጣ ቦታ ይያዝ፤ ቦታ ከሌለው ተከታይ መኪና ይጫነው። ክሪክ፣ ክሪኩ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ አምስት ሊትር ውኃ፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ መጎተቻ ገመድና ከፊት መከላከያው ላይ የሚጠመዘዘው የመጎተቻ ቀለበት መኖራቸው ይታይ። የመጨረሻው በተደጋጋሚ ይረሳል፤ ያለ እርሱ ዝቅ ያለን መኪና የሚጎትት ሰው ገመዱን የማይገባ ቦታ አስሮ መከላከያውን ወይም ዘንጉን ይሰብራል። የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት የሚፈጸም ስለሆነ ስልኩ ቻርጅ የተደረገ፣ ሒሳቡም በቂ ይሁን፤ ታንከሩ አዲስ አበባ ላይ ቢሞላ ይመረጣል።

7. ጉዞው

ጉዞው በማለዳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢጀመር፣ ቢዘገይ እንኳ ዲክሲስ በብርሃን ለመድረስ ያስችላል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሲገቡ ትኬት ተወስዶ ሲወጡ ይከፈላል። ይህ ለስላሳ መንገድ ገዢውን የመኪናውን የመጨረሻ ፍጥነት እንዲሞክር የሚገፋፋ በመሆኑ ከጠቅላላው ጉዞ አደገኛው ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያልተለመደ መኪና፣ ያልታወቀ ጎማና ያልተፈተነ ፍሬን በአንድ ላይ ተገናኝተዋልና፣ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ኪሎ ሜትሮች ከ80 እስከ 90 ባለ ፍጥነት ይነዱ፤ ዓይን በሙቀት መለኪያው ላይ፣ ጆሮ በጎማዎቹ ድምፅ ላይ ይሁን።

አዳማ ላይ ለአሥራ አምስት ደቂቃ መቆም ይገባል። እጅን ወደ ቸርኬዎቹ ሳይነኩ በማስጠጋት አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል መሆኑን ማወቅ ይቻላል፤ ከጋለ ፍሬኑ ያልተላቀቀ ሊሆን ይችላል። የራዲያተር ክዳን በሙቀት ጊዜ ፈጽሞ አይከፈት። እዚህ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት የጎማ ነፋስን መቀነስ ነው። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ ከፍ ብሎ ስለሚነበብ አሽከርካሪው «በዝቷል» ብሎ ያስተነፍሳል፤ ደጋው ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ግን ጎማው ከልኩ በታች ይሆናል፤ ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ደግሞ ነፋሱ ሲጎድል ጉድጓድ ላይ ቸርኬውን አያድነውም። ልኩ የሚወሰደው በጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ብቻ ነው።

ከአዳማ በአዋሽ መልካሳና በዴራ በኩል ወደ ኢተያ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ወደ አዋሽ ወርዶ ከዚያ የሚወጣ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬንን ያለ ማቋረጥ ከመርገጥ ዝቅ ባለ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ፍሬኑን ከመጋል ያድነዋል፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ማርሽ ይዞ ሞተሩን ማስጨነቅ ሙቀቱን ስለሚያንር፣ አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መውጣትና አስፈላጊ ከሆነ የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ይሻላል። ጋሪ፣ ከብትና አህያ በማናቸውም ሰዓት መንገዱን ሊያቋርጡ ይችላሉ። ስፖርት መኪና ዝቅ ያለ በመሆኑ ነጂው ከፊቱ ካለው ጭነት መኪና አሻግሮ ማየት ስለማይችል፣ ለመቅደም ከወትሮው የራቀ ርቀት ይጠብቅ። በስንዴ መሰብሰቢያ ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ኮምባይነሮች ከመንገዱ ግማሽ በላይ ይዘው ስለሚጓዙ፣ ከእነርሱ ጋር በጠባብ ቦታ ከመፋጠጥ ወደ ጎን ወጥቶ ማሳለፍ ይገባል፤ የመንገዱ ጠርዝ ግን ከአስፋልቱ ዝቅ ያለ ከሆነ በቀስታ፣ በአንድ ጎማ ካልሆነ በቀር አይወረድ።

ኢተያ ላይ የአሰላው መንገድ ተትቶ ወደ ሁሩታ ይታጠፋል። ከዚህ በኋላ ገዢው በመጀመሪያው ደረጃ የያዘውን ማስታወሻ አውጥቶ ይንዳ። ጉብታዎች በማዕዘን፣ ማለትም አንዱ የፊት ጎማ ቀድሞ ሌላው እየተከተለ ሲታለፉ ሆዱ የሚነካበት ዕድል ይቀንሳል። ውኃ የያዘ ጉድጓድ ጥልቀቱ በእንጨት ሳይለካ አይገባበት፤ ዝቅ ባሉ መኪናዎች የአየር መሳቢያው ወደ መሬት የቀረበ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ውኃ ከዋጠ ዘንጎቹ ይጎብጣሉ። ዝናብ ከጀመረና መንገዱ ጭቃ ከሆነ ሁሩታ ወይም ኢተያ አድሮ በማግሥቱ መቀጠል ከሁሉ የረከሰው ውሳኔ ነው።

8. ከደረሱ በኋላ

በማግሥቱ ጠዋት መኪናው በቆመበት ቦታ ሥር የዘይትም ሆነ የውኃ ጠብታ መኖሩ ይታይ፤ የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውኃ ልካቸው በቀዝቃዛነቱ ይመዝገብ፣ የቸርኬ ቡሎኖችም በቁልፍ ይፈተኑ። ሻጩ የሰጠው የዘይት ቅያሪ ማስረጃ ቢኖርም እንኳ የሞተር ዘይትና ማጣሪያው ይቀየሩ፤ የሚወጣው ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ሲታይ የብረት ቅንጣት ካለው መካኒክ ወዲያውኑ ይማከር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ስለሆነ፣ የተቀየረበት ጊዜ ካልታወቀ አብሮ ይታደስ። ፋይሉ ከአዲስ አበባ ወደ ኦሮሚያ የሚዛወር ከሆነ፣ በአርሲ ዞን ያለው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚጠይቃቸውን ሰነዶች ዝርዝር ይዞ፣ የሽያጭ ውሉ፣ የቴምብር ቀረጥ ደረሰኝና የጉምሩክ ማስረጃ ከነ ሁለት ሁለት ቅጂያቸው ተዘጋጅተው፣ ቦሎው ከማለቁ በፊት ማመልከቻው ይግባ።